አቡጊዳ፦ የመጀመሪያዬ ዳታ ስትራክቸር

ታናሽ ወንድሜ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ነው፤ ኮምፒውተር ሳይንስ። ግቢው እዚሁ ከተማ ውስጥ ስለሆነ ቅዳሜ ቅዳሜ ልብሱን ሊያጥብ (ማለትም ሊያሳጥብ) ጎፋ እኛ ቤት ይመጣል። በቀደም መጣና በእጅ የተጻፈባቸው አራት ወረቀቶች አስይዞኝ «እስቲ ያዢልኝ፤ ስሳሳት አርሚኝ» አለኝ። ከዚያ ዓይኑን ጨፈነና ጀመረ።

«ኖድ ስታር ቴምፕ እኩል ይሆናል ኒው ኖድ። ሴሚኮለን። ቴምፕ ቀስት ዳታ እኩል ይሆናል ኤክስ። ሴሚኮለን። ቴምፕ ቀስት ኔክስት እኩል ይሆናል ነል። ሴሚኮለን...»

እናቴ ከጓዳ ብቅ ብላ «ምንድን ነው የሚያነበንበው?» አለችኝ። ዳታ ስትራክቸር ነው፣ ሰኞ ፈተና አለበት አልኳት። «እኔ ደግሞ ውዳሴ ማርያም የሚደግም መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር» ብላ ወደ ሽሮዋ ተመለሰች።

እኔ ጋዜጠኝነት ነው የተማርኩት። ስለ ኮድ የማውቀው ነገር ቢኖር ሴሚኮለን ሲረሳ መጮህ እንዳለብኝ ብቻ ነበር። ግን ዝም ማለት አልሆነልኝም።

«ይሄ ያነበብከው ነገር ምን ይሠራል?»

«አዲስ ኖድ ሊስቱ መጨረሻ ላይ ይጨምራል።»

«መሃል ላይ ጨምር ቢሉህስ?»

«እሱ ሦስተኛው ወረቀት ላይ ነው። ገና አልያዝኩትም።»

ሳቄ መጣ። የሳቅኩት በእሱ አይደለም። ከሃያ ዓመት በፊት እዚሁ ሰፈር፣ ድንክ መቀመጫ ላይ ተቀምጣ እየተወዛወዘች የምትጮህ አንዲት ልጅ ትዝ ብላኝ ነው።

የየኔታ ስንደዶ

ቄስ ትምህርት ቤት የገባሁት አምስት ዓመት ሳይሞላኝ ነው። ሀሁን በጥቂት ሳምንት ልክ እንደ ዘፈን ለቀምኩት። «ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ» ብዬ ስጀምር እስከ መጨረሻው የሚያቆመኝ አልነበረም። ቤት ስገባ እንግዳ በመጣ ቁጥር «እስቲ ሀሁ በይላቸው» እየተባልኩ ከረሜላ የሰበሰብኩበት ዘመን ነበር።

አንድ ቀን የኔታ ስንደዷቸውን ከገበታው መሃል አንዲት ፊደል ላይ አሳርፈው «ይህችስ?» አሉኝ። ዝም አልኩ። ፊደሏን አላውቃትም! በሆዴ ከ«ሀ» ጀምሬ መቁጠር ያዝኩ፤ ሀ ሁ ሂ... ለ ሉ ሊ... ሐ ሑ ሒ... ስንደዶዋ ያለችበት ስደርስ የኔታ ወደሚቀጥለው ልጅ አልፈው ነበር። ሀሁን በቃሌ ይዣለሁ እንጂ ፊደል አልለየሁም።

የኔታ አልተገረሙም። ለእንደኔ ዓይነቱ ልጅ መድኃኒቱ ከብዙ ዘመን በፊት ተቀምሟልና። መድኃኒቱ አቡጊዳ ይባላል።

አንባቢዬ፣ አቡጊዳን ታስታውሱታላችሁ? «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ»። በቄስ ትምህርት ቤት ያላለፋችሁ እንኳ ስሙን ሳትሰሙት አትቀሩም። ግን ምን እንደሆነ ቆም ብላችሁ አይታችሁታል? እኔ ያየሁት በቀደም ቅዳሜ ነው። «አ» ግዕዝ ናት። «ቡ» የ«በ» ካዕብ ናት። «ጊ» የ«ገ» ሣልስ፣ «ዳ» የ«ደ» ራብዕ፣ «ሄ» የ«ሀ» ኃምስ፣ «ው» የ«ወ» ሳድስ፣ «ዞ» የ«ዘ» ሳብዕ። በየእርምጃው አንድ ፊደል ወደ ታች፣ አንድ ድምፅ ወደ ጎን። ገበታውን በሰያፍ መቁረጥ ማለት ነው። ፊደሎቹ ራሳቸው የሚደረደሩት በ«ሀለሐመ» ሳይሆን በ«አበገደ» ተራ ነው።

ሀሁን በዜማ የሸመደደ ልጅ እዚህ ጋ ዜማው ይከዳዋል። እያንዳንዷን ፊደል ለብቻዋ፣ በመልኳ፣ ያለ ጎረቤቶቿ ማወቅ ግድ ይሆንበታል። ሽምደዳን የሚያፈርስ ልምምድ በራሱ በሽምደዳ በሚታማው ቄስ ትምህርት ቤት ውስጥ ሁለተኛው ትምህርት ሆኖ ተቀምጦ ኖሯል።

ለወንድሜ ይህን ስነግረው ወረቀቱን ነጠቀኝና ትክ ብሎ አየኝ። «እኮ! አንቺ ከሀ ጀምረሽ የቆጠርሽው ሊንክድ ሊስት ነው። የኔታ የፈለጉት ደግሞ አሬይ ነው።»

እስቲ ቀስ ብለን እንየው።

ዕቃ አቀማመጥ

ዳታ ስትራክቸር ማለት የዕቃ አቀማመጥ ማለት ነው ብንል ብዙ አንሳሳትም። ኮምፒውተሩ ዘንድ ያለው ዕቃ መረጃ ነው። በኋላ ስትፈልገው ቶሎ እንድታገኘው እንዴት አድርገህ ታስቀምጠዋለህ? ጥያቄው ይኸው ነው።

ሊንክድ ሊስት እንደ መቁጠሪያ ነው። እያንዳንዱ ፍሬ የሚያውቀው ቀጣዩን ብቻ ስለሆነ 40ኛው ጋ ለመድረስ 39ኙን ማለፍ አለብህ። ጥቅሙ መሃሉ ላይ አዲስ ፍሬ ማስገባት ቀላል መሆኑ ነው። አሬይ ደግሞ በተርታ ቁጥር እንደተሰጣቸው የፖስታ ሣጥኖች ነው። 40ኛውን ስትፈልግ በቀጥታ ሄደህ 40 ቁጥርን ትከፍታለህ። ጣጣው መሃል ላይ አዲስ ሣጥን ልጨምር ስትል ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ መገፋት አለበት። ስታክ የእንጀራ ድርድር ነው፤ መጨረሻ የተጋገረው ከላይ ሆኖ መጀመሪያ ይወጣል። ኪው የታክሲ ሰልፍ ነው (ሰው ካልገፋ)።

ይህ እውቀት ትምህርት ሆኖ በሥርዓት የተቀመጠው ከስልሳ ዓመት ብዙም ባልራቀ ጊዜ ውስጥ ነው። አሜሪካዊው ዶናልድ ክኑዝ የታወቀውን መጽሐፉን የመጀመሪያ ቅጽ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1968 ሲሆን፣ ከቅጹ ትልቁን ቦታ የያዘው ይኸው የመረጃ አደራደር ጉዳይ ነው። የፓስካልን ቋንቋ የፈጠረው ስዊዘርላንዳዊው ኒክላውስ ቪርት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1976 ባወጣው መጽሐፉ ርዕስ ላይ ነገሩን በአንድ ቀመር ጨረሰው፤ አልጎሪዝም ሲደመር ዳታ ስትራክቸር ፕሮግራም ይሆናል ብሎ። ዛሬ በየዩኒቨርሲቲያችን ሁለተኛ ዓመት ላይ የሚሰጠው ኮርስ የዚያ ዘመን ልጅ ነው።

የእኛ የፊደል ገበታ ግን ያኔ አርጅቷል። 33 ረድፍ፣ 7 ዓምድ፣ በድምሩ 231 ፊደል። ለዓምዶቹ ስም አላቸው፤ ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ እያለ እስከ ሳብዕ። «የገ ሳብዕ» ስትል የሰው ልጅ ሁሉ «ጎ»ን ያገኛታል። ረድፍና ዓምድ ሰጥተህ ዕቃ የምታወጣበት ገበታ በወንድሜ ቋንቋ ባለ ሁለት አቅጣጫ አሬይ ነው። ተስፋ ገብረ ሥላሴ ዘብሔረ ቡልጋ አትመው በአገር ያዳረሷት ያቺ ባለ አንድ ገጽ ገበታ በየደሳሳው ግድግዳ ላይ ተለጥፋ የኖረች ዳታ ስትራክቸር ነበረች።

ታዲያ ኮምፒውተር ሲመጣ ይህን ያህል የተደራጀ ፊደል ይዘን ለምን ተቸገርን?

ከንፋስ ስልክ እስከ ዳሸን

ጎፋ የሚገኝበት ክፍለ ከተማ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ይባላል። «ንፋስ ስልክ» የሚለውን ስም በቀን አሥር ጊዜ እንጠራዋለን፤ የታክሲ ረዳት ነፍሱ እስኪወጣ ይጮኸዋል። ስሙ ግን ሽቦ አልባውን የሬዲዮ ቴሌግራፍ የአገሬ ሰው የጠራበት ነው፤ ያለ ሽቦ በንፋስ የሚሄድ ስልክ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ አንሳልዶ የተባለ የጣልያን ኩባንያ ከእኛ ወደ ደቡብ ወረድ ብሎ አቃቂ ላይ የሬዲዮ ጣቢያ ሲተክል፣ የከተማው ደቡብ በር የአዲሱ የመገናኛ ዘመን በር ሆነ። የሰፈራችን ስም የዚያ ዘመን ትዝታ ነው።

ሽቦውም ሆነ ንፋሱ ግን ፊደላችንን አያውቁም። የዓለም ቴሌፕሪንተሮች የሚግባቡበት ስልት እያንዳንዱን ምልክት በአምስት ቢት የሚያስተላልፍ ነበር። አምስት ቢት 32 ዓይነት ጥምረት ይሰጣል። ለላቲን 26 ፊደል ይበቃል፤ ለ231 ፊደል ደግሞ ምን ትላላችሁ?

የጽሕፈት መኪናውም ያው ችግር ነበረበት። የአማርኛ የጽሕፈት መኪና አባት ተብለው የሚጠሩት ኢንጂነር አያና ብሩ የተጋፈጡት ይህንኑ ነው። የጣት ብዛት አሥር፣ የቁልፍ ብዛት ከሃምሳ ያልዘለለ፣ ፊደሉ ከሁለት መቶ በላይ። የተገኘው መላ ፊደሉን መበለት ነበር። ዋናውን አካል አንድ ቁልፍ ይመታል፤ እግሩን፣ ቀለበቱን፣ ቅጥያውን ሌላ ቁልፍ ይጨምርበታል። በቢሮ መዝገብ ቤት የቆየ የኦሊቬቲ ደብዳቤ አይታችሁ ከሆነ ቀለበቱ ከፊደሉ ሸሽቶ፣ እግሩ ከጉልበቱ ተለያይቶ ያስቃችሁ ይሆናል። በዚያ መልክ ግን የአገሪቱ ቢሮክራሲ ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ ሠርቷል።

ቀጥሎ ተራው የቴሌኮሙኒኬሽን መሐንዲሱ የዶ/ር ተረፈ ራስወርቅ ሆነና አማርኛን በቴሌፕሪንተር የማስኬዱን ሥራ ያዙ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የግል ኮምፒውተር ሲስፋፋ ደግሞ በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ገቡበት። ፍሥሐ አጥላው ዳሸን ብሎ በሰየመው ድርጅቱ ከመጀመሪያዎቹ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች አንዱን ሠራ። ዶ/ር አበራ ሞላ ሞድኢትን ይዘው መጡ። (ከተማ ያጸዳው «ጋሽ አበራ ሞላ» ሌላ ነው! እሱ አርቲስት ስለሺ ደምሴ ነው። እኚህኛው የተማሩት የእንስሳት ሕክምና ነው፤ ያጸዱት ደግሞ የኮምፒውተሩን ገበታ።)

በዚያን ጊዜ አንድ ፊደል በኮምፒውተር የሚያዘው በአንድ ባይት ነበር። አንድ ባይት 256 ቦታ አለው። ከዚያ ላይ የመጀመሪያውን ግማሽ የላቲን ፊደልና የእንግሊዝኛ ምልክቶች ይዘውታል። የእኛ 231፣ ዘግይታ የመጣችው የ«ቨ» ዘር 7፣ እነ ሏ ሟ ቋ፣ ሁለት ነጥብና አራት ነጥብ፣ ከ፩ እስከ ፼ ያሉት 20 የግዕዝ አኃዞች ሲደመሩ አይገቡም። በቃ አይገቡም። ሠፈር ሞልቷል።

ስለዚህ ሁሉም የራሱን መላ መታ። አንዱ ፊደሉን ለሁለት ፎንት ከፈለ። ሌላው እንደ ጽሕፈት መኪናው በለተው። ሦስተኛው የላቲኑን ቦታ ነጥቆ የእኛን አሰፈረበት። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አማርኛን በላቲን ፊደል፣ ነገር ግን አንዷንም ፊደል ከሌላዋ ሳያምታቱ መጻፍ የሚያስችል ስልት ቀመሩ። ስልቱ በአጭሩ «ሴራ» ይባላል። በስሙ አትደንግጡ፤ ለመልካም የተሸረበ ሴራ ነበር።

የጠፋው ሲዲ

ይህ ሁሉ የቴክኒክ ጨዋታ ከመሰላችሁ አንድ ነገር ላጫውታችሁ።

የመመረቂያ ጽሑፌን ስሠራ ርዕሴ ከ1992ቱ (እ.ኤ.አ.) የፕሬስ አዋጅ በኋላ ስለበቀሉት የግል ጋዜጦች ነበር። ለልምምድ የሄድኩበት አንድ ዝግጅት ክፍል (ስሙ ይቆየን) ውስጥ የዚያ ዘመን ጽሑፎች ያሉበት ሲዲ እንዳለ ሰማሁ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። የታተመው ጋዜጣ ግማሹ በዝናብ፣ ግማሹ በአይጥ አልቋል፤ ሲዲው ግን አለ!

ከፈትኩት። ፋይሎቹ አሉ። ቀናቸው አለ። ውስጣቸው ግን ቅንፍ፣ ጭረት፣ የዶላር ምልክትና ራስ ላይ ነጥብ የተደፋባቸው የፈረንጅ ፊደሎች ብቻ ነው። ገጽ ከገጽ እንዲሁ። የቆዩት አዘጋጅ አጠገቤ መጡና መነጽራቸውን አውልቀው አዩት። «ይሄ በዚያ ፎንት የተጻፈ ነው» አሉ። የትኛው ፎንት ነው አልኳቸው። «የጫነው ልጅ ነው የሚያውቀው። እሱ ደግሞ አሜሪካ ሄዷል።»

ኮምፒውተር «ሀ»ን አያስቀምጥም። የሚያስቀምጠው ቁጥር ነው። ቁጥሩ «ሀ» መሆኑን የሚያውቀው በስምምነት ነው። ስምምነቱ በአንድ ልጅ ፎንት ውስጥ ብቻ ከሆነ፣ ልጁ ሲሄድ ፊደሉም ይሄዳል። ዘመኑን የጻፉ ሰዎች አሉ፣ ያስቀመጡትም አለ፣ ማንበብ ግን አልተቻለም። ጥናቴን ከአይጥ በተረፉት ወረቀቶች ጨረስኩ። አሁንም ድረስ ያ ሲዲ ሲታሰበኝ ሆዴ ይባባል። በየቢሮው፣ በየማተሚያ ቤቱና በየመሳቢያው እንዲህ ዓይነት ስንት ሲዲ ይኖር ይሆን?

የዕቃ አቀማመጥ ጉዳይ የሞት ሽረት ጉዳይ መሆኑን ያን ቀን ነው ያወቅኩት።

ጎፋ በቁጥር

ለዚህ በሽታ መድኃኒቱ አንድ የጋራ ስምምነት ነበር። የዓለምን ፊደሎች ሁሉ በአንድ መዝገብ ቁጥር የሚሰጠው ዩኒኮድ በ3.0 እትሙ፣ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1999 የኢትዮጵያን ፊደል አስገባ። ለመጀመሪያ ጊዜ 345 ምልክቶች ተመዘገቡ። ከዚያ በኋላ የሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች ፊደሎች እየተጨመሩ ዛሬ ቁጥሩ 523 ደርሷል። ከላይ ካነሳኋቸው ሰዎች ፍሥሐ፣ ይትናና ዳንኤል ለዚህ ደክመዋል።

እኔን ያስገረመኝ ግን የተደረደረበት መንገድ ነው። ወንድሜ ላፕቶፑን ከፍቶ አሳየኝ።

እንደ ሕንዱ ዴቫናጋሪ ተነባቢውን ለብቻ፣ የአናባቢውን ምልክት ለብቻ መመዝገብ ይቻል ነበር። ቁጥሩ ያጥር ነበር። የተመረጠው ግን ገበታውን እንዳለ ማስገባት ሆነ፤ እያንዳንዷ ፊደል ሙሉ ሰው ሆና የራሷን ቁጥር አገኘች። «ሀ» 4608 ናት። ከዚያ እያንዳንዱ ረድፍ ስምንት ስምንት ቦታ ተሰጠው። ሰባቱ የተለመዱት ናቸው፤ ስምንተኛው እንደ ሏ፣ እንደ ሟ ላሉት። «ለ» 4616 ላይ ትጀምራለች፣ «ሐ» 4624፣ «መ» 4632። ሁልጊዜ ስምንት።

አሁን ሰፈራችንን እንጻፍ። «ጎ» 4878 ናት። ከ4608 ስትቀንሱት 270 ይቀራል። ለስምንት አካፍሉት፤ 33 ደርሶ 6 ይተርፋል። 33 ረድፉ ነው፤ የ«ገ» ረድፍ። 6 ዓምዱ ነው። ኮምፒውተር ከዜሮ ስለሚቆጥር 6 ማለት ሰባተኛው ነው፤ ሳብዕ። «ፋ» 4939 ናት። ከ4608 ሲቀነስ 331፤ ለስምንት ሲካፈል 41 ደርሶ 3 ይተርፋል። ሦስት ማለት አራተኛው፣ ራብዕ። የገ ሳብዕ፣ የፈ ራብዕ። ጎፋ!

የኔታ በስንደዶ የሚጠይቁትን ጥያቄ ማሽኑ በአንዲት ማካፈል ይመልሰዋል። ከ«ሀ» ጀምሮ መቁጠር የለም።

በነፃ ግን አልተገኘም። «ቈ»ን የመሳሰሉት ዘሮች ያሏቸው አምስት አምስት ፊደሎች ናቸው፤ ቢሆንም ስምንት ቦታ ተሰጥቷቸው ሦስቱ ባዶ ተቀምጠዋል። «ሀ» ረድፍ ላይ ያለው ስምንተኛ ቦታ እስከ 2005 (እ.ኤ.አ.) ድረስ ባዶ ነበር። ባዶ ቦታ መተው ብክነት ይመስላል። በልዋጩ ግን ከላይ ያየነው ቀላል ስሌት ተገኘ። ቦታ ከፍለው ፍጥነት ገዙ። የዳታ ስትራክቸር ኮርስ ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው የሚያስተምረው ይህንኑ ግብይት ነው፤ ምን ሰጥተህ ምን ታገኛለህ?

ወንድሜ ይህን ሲያይ ዝም ብሎ ቆየ። «ይሄን አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ቢያሳዩን ኖሮ» አለ። የኮርሱ ምሳሌዎች ምን ነበሩ ብዬ ጠየቅኩት። «የካርታ መጫወቻ መደርደር። ደግሞ የቤዝቦል ተጫዋቾች ውጤት።» ቤዝቦል! ጎፋ ሜዳ ላይ ቤዝቦል ሲጫወት ያየ ካለ ይጻፍልኝ።

ያልተሰጠው የቤት ሥራ

ፊደሉ ማሽኑ ውስጥ ገባ ማለት ሥራው አለቀ ማለት አይደለም። ከ2007 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የተባለ ፎንት ይዞ መጥቶ አማርኛ ያለ ተጨማሪ ጭነት መታየት ጀመረ፤ ዛሬ ደግሞ በየስልካችን አለ። እስቲ ግን አንድ ረዥም የስም ዝርዝር ውስጥ «ፀሐይ» የምትባል ሴት ፈልጉ።

«ፀ» በ«ጸ»ም ትጻፋለች፤ ሁለት። «ሐ» ደግሞ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ልትሆን ትችላለች፤ ስድስት። ሁለት ሲባዛ በስድስት፣ አሥራ ሁለት ዓይነት ፀሐይ። ለእኛ አንዲት ሴት ናት። ለኮምፒውተሩ አሥራ ሁለት የተለያዩ የቁጥር ሰልፎች ናቸው። መዝጋቢው በአንዱ ጽፎ ፈላጊው በሌላው ከጻፈ «እንዲህ የሚባል ሰው የለም» የሚል መልስ ይመጣል። ቢሮ ለቢሮ ተንከራታችሁ «ፋይልሽ ጠፍቷል» የተባላችሁ እህቶችና ወንድሞች፣ ስማችሁ ውስጥ ሀ፣ ሰ፣ አ ወይም ጸ ካለች ምናልባት ፋይሉ አልጠፋ ይሆናል።

መፍትሔው ከመፈለግ በፊት ድምፃቸው አንድ የሆኑትን ፊደሎች ወደ አንድ መመለስ ነው። ወንድሜ እንዳለኝ ጥቂት መስመር ኮድ ነው። ግን እዚህም ግብይት አለ። በግዕዝ «ሠረቀ» ማለት ወጣ፣ ብርሃን ሰጠ ማለት ሲሆን «ሰረቀ» ደግሞ ሌብነት ነው። ሁለቱን አንድ ካደረግናቸው ፀሐይዋን ሌባ አደረግናት ማለት ነው። ስለዚህ ዋናው ጽሑፍ እንደ ተጻፈ ይቀመጥ፣ ለመፈለጊያ የሚሆን ሌላ ቅጂ ይዘጋጅ? ቦታ እጥፍ ይበላል። እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ለአንድ ክፍል ተማሪ ሙሉ ሴሚስተር የሚበቃ የቤት ሥራ አይመስላችሁም?

ማን አቡጊዳ ይበላቸው?

እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጨረሻ መንግሥት ወደ ዩኒቨርሲቲ ከሚገቡት 70 በመቶው ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲማሩ ወሰነ። ዩኒቨርሲቲዎችም በየክልሉ ተከፈቱ። ብዙ ልጆች ዕድሜ ልካቸውን ኮምፒውተር ነክተው ሳያውቁ ኮምፒውተር ሳይንስ ተመደቡ። አንደኛ ዓመት ላይ ሲ ፕላስ ፕላስ፣ ሁለተኛ ዓመት ላይ ዳታ ስትራክቸር፤ ቋንቋው እንግሊዝኛ፣ ፈተናው ብዙ ጊዜ በወረቀት። በወረቀት ላይ ኮድ ጻፍ ከተባልክ፣ ስህተትህን የሚነግርህ ማሽን ፊትህ ከሌለ፣ የምታደርገው ወንድሜ ያደረገውን ነው። ትሸመድዳለህ። ልጆቹ ሰነፍ ስለሆኑ አይደለም፤ ዜማው ብቻ ስለሚጠየቅ ዜማውን ይይዛሉ።

ተቃራኒውም እዚሁ ከተማ ውስጥ አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 የተጀመረውና ኤ ቱ ኤስ ቪ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው የሥልጠና ፕሮግራም ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና ከአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የመሳሰሉ ግቢዎች ተማሪዎችን ሰብስቦ ይኸንኑ ዳታ ስትራክቸርና አልጎሪዝም ያስተምራል። ከዚያ ወጥተው ጎግልን በመሰሉ ኩባንያዎች የተቀጠሩ ልጆች አሉ። የሚማሩት ወንድሜ የሚማረውን ያንኑ ሊንክድ ሊስት ነው። የሚለየው ነገር በየቀኑ አይተውት የማያውቁት ጥያቄ መቅረቡ ነው። ስንደዶዋ መሃል ገበታው ላይ ታርፋለች፤ «ይህችስ?»

እንግዲህ ለዚህ «አገር በቀል እውቀት» የሚል ባነር አንሰቅልም፤ ሠርቶ ማሳያ ብቻ ይበቃል። ማንም መምህር የፊደል ገበታውን ቦርድ ላይ ስሎ «ጎን በስንት እርምጃ ታገኟታላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። ወጪ የለውም። ከ2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አምስት ሚሊዮን ኮደሮች እናፈራለን ብለን ተነስተናል። መልካም ነው። አምስት ሚሊዮን ሀሁ የሚል ሰው ማፍራት ግን ይቀላል፤ አቡጊዳ ማለፉ ነው ጭንቁ።

እሁድ ማታ

ወንድሜ እሁድ ወደ ግቢው መመለስ ሲገባው አልሄደም። «አቡጊዳን የሚያትም ፕሮግራም ልጻፍ» ብሎ ላፕቶፑ ላይ ተተክሎ አመሸ። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ በየእርምጃው ረድፉ ላይ አንድ ጨምር፣ ዓምዱ ላይ አንድ ጨምር።

መጀመሪያ የወጣለት «ሀ ሉ ሒ ማ» ሆነ። የዩኒኮድ ተራ ሀለሐመ ነዋ! ስለዚህ የአበገደን ተራ የሚይዝ ሌላ ትንሽ አሬይ አስፈለገው። ያን ሠራ። «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» ሲወጣ ቤቱ በእልልታ ተናጋ፤ እናቴም ሳይገባት አብራ እልል አለች። ቀጥሎ ስምንተኛው እርምጃ ላይ ያልተጠበቀ ፊደል ታተመ። ከሰባተኛው ዓምድ አልፎ ስምንተኛው ቦታ ውስጥ ገብቶ ነበር። ጭንቅላቱን ይዞ ቆየና «ሰባት ካለፈ ወደ አንድ መመለስ አለበት» አለ ለራሱ። ማንም አልነገረውም። ከአራቱ ወረቀቶች አንዱም ላይ አልተጻፈም።

ሰኞ ፈተናውን ተፈተነ። ውጤቱ ገና አልመጣም፤ ወረቀቶቹ ግን ሶፋው ሥር ወድቀው አገኘኋቸው። ሦስተኛው ወረቀት ጀርባ ላይ በእርሳስ የተሳለች ትንሽ የፊደል ገበታ አለች፤ ከ«አ» እስከ «ዞ» በሰያፍ የተሰመረባት። እሷን አጣጥፌ አስቀምጫታለሁ። በወረቀት ነው ያስቀመጥኳት፤ ሲዲ አላምንም።

ቸር ይግጠመን።